ያልተቆረጠው ዝምታ

እስቲ መልሱልኝ፤ መልሱን ኪሱ ውስጥ ይዞ የመጣ ሰው «ጠየቀ» ይባላል?

አይባልም። ግን በየስልካችሁ የምታዳምጡት አብዛኛው ፖድካስት እንዲህ ያለ ነው። አንዱ ማይክ ይገዛል፣ ሁለት ወንበር ፊት ለፊት ያስቀምጣል፣ እንግዳውን «እስቲ ራስህን አስተዋውቀን» ይለዋል። እንግዳው ሲናገር እሱ ዓይኑን ቀጣዩ ጥያቄ ላይ ተክሎ ራሱን ይነቀንቃል። «በዚያው ሳምንት ወንድሜ ሞተ» ቢለው እንኳ «በጣም ጥሩ፣ ወደ ሥራህ እንመለስና» ይላል። የሰው ሕይወት ደጃፍ ድረስ ሄዶ በሩን ሳያንኳኳ የሚመለስ ሰው ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው ደግሞ ራሱን ጋዜጠኛ ይላል፤ የሚያሳፍረው እሱ ነው።

ታሪኳን የምነግራችሁ ጠያቂ ግን ከዚህ መንጋ አልነበረችም። የፀጉር አስተካካይ ልጅ ናት። ያደገችው በአባቷ ሱቅ፣ ከትልቁ መስታወት ሥር ባለች ዱካ ላይ ተቀምጣ፣ የሚረግፈውን ፀጉር እየጠረገች ነው። አባቷ ደንበኛውን አንድ ነገር ይጠይቁትና መቀሳቸውን ይቀጥላሉ። ደንበኛው መጀመሪያ ለሁሉም ሰው የሚሰጠውን መልስ ይሰጣል፤ ደህና ነው፣ ሥራም ጥሩ ነው። እሳቸው ዝም ይላሉ። መቀሱ ቀጭ ቀጭ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ሰውዬው ራሱን በመስታወቱ እያየ «እውነቱን ልንገርዎትና…» ብሎ ይጀምራል። ልጅቷም መጥረጊያዋን እንደያዘች ቀጥ ትላለች። የመጀመሪያው መልስ የተለማመዱት ነው፤ እውነቱ ሁለተኛው ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የሚመጣው ዝም ብሎ ለጠበቀ ሰው ነው። ይህን ቁጭ ብሎ ያስተማራት የለም። ጆሮዋን ጥላ ስታዳምጥ የገባት ነገር ነው።

አድጋ የራሷን ፖድካስት ስትጀምር የያዘችው ይህንኑ ነው። አንድ ጊዜ አገር ያወቃት ዘፋኝ እንግዳዋ ሆነች፤ ሌሎቹ ሁሉ መቼ ጀመርሽ፣ ማን አበረታታሽ እያሉ ያሰለቿት ሴት። ጠያቂዋ ግን ከልቧ ልታውቅ የፈለገችው ሌላ ነገር ነበር። ከመድረክ ወርደሽ መኪና ውስጥ ስትገቢ መጀመሪያ የምታወልቂው ምንድን ነው አለቻት። ዘፋኟ ሳቀችና ጫማዬን አለች። ጠያቂዋ ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ፣ ዓይኗን ሳትሰብር፣ ዝም አለች። የዘፋኟ ሳቅ ቀስ እያለ ከፊቷ ወረደ።

«ይጠበኛል» አለች። «የእህቴ ነበር። ዘፋኝ መሆን የነበረባት እሷ ናት። አንድም ቀን መድረክ ላይ ሳትወጣ ሞተች።»

ያንን ክፍል ያዳመጠ ሰው ዛሬም ዘፈኗን ሲሰማ ወደ ገዛ እግሩ ያያል። የማወቅ ጉጉት ማለት ይህ ነው፤ ወሬ መቃረም አይደለም።

ያንን ድምፅ ከስቱዲዮው መስታወት ማዶ ተቀምጦ የቀዳው ሰው «ጭጭ» ይባላል። ስሙን ያወጡለት የስቱዲዮው ሰዎች ናቸው፤ ካልጠየቁት አይናገርም፣ ቢጠይቁትም አያበዛም። ሥራው መቁረጥ ነው። «እእእ» የሚለውን ይቆርጣል፣ ሳሉን ይቆርጣል፣ የወንበሩን ሲጥሲጥታ ይቆርጣል፤ ከሁሉም በላይ ግን ዝምታን ይቆርጣል። አድማጭ ዝምታ ሲሰማ ስልኩ የተበላሸ ይመስለዋል ይላል። ይምሰለው ትለዋለች ጠያቂዋ። በዚህ በየሳምንቱ ይጣላሉ። ዝምታውን ከቆረጥክ ዘፋኟ ሁለተኛውን መልስ ከየት እንዳመጣችው ማን ያውቃል እያለች ትጮኽበታለች፤ እሱም በትዕግሥት ያዳምጣትና ይቆርጠዋል።

አንድ ቀን ግን ተሠርቶ ያለቀ ክፍል ስታዳምጥ አንዲት ዝምታ ሳትቆረጥ ቀርታ አገኘቻት። አጭር ናት፤ አንድ ሰው ምራቁን ውጦ የሚጨርስባት ያህል። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ረዘም ያለች። ቀና ብላ በመስታወቱ አየችው። እሱ ቶሎ ዓይኑን ወደ ቁልፎቹ መለሰ፤ ጆሮው ግን እስከ ጫፉ ቀልቶ ነበር። ሌላ ሴት አበባ ሲላክላት የሚሰማትን እሷ በዚያች ባልተቆረጠች ዝምታ ተሰማት። ያን ቀን ወደ ቤቷ የሄደችው በእግሯ አይመስለኝም።

እሱ የዳኛ ልጅ ነው፤ ችግሩም ከዚህ ይጀምራል። እናቱ ስማቸው ሲጠራ ጠበቃ ሁሉ ኮቱን የሚቆልፍላቸው ሴት ናቸው። አባታቸውም ዳኛ ነበሩ። አንድ ልጃቸው ሕግ አጥንቶ ሲያበቃ ድምፅ መቅዳት እፈልጋለሁ ሲላቸው «ገመድ ጠቅላይ ልትሆን ነው» ብለው ሳምንታት አኮረፉት። እንግዲህ ይህን ልጅ ነው ጠያቂዋ የወደደችው።

አንድ እሁድ ለምሳ እናቱ ቤት ወሰዳት። ቤቱ ኮረብታው ላይ ነው፤ ለመኪና የተለየ በር፣ ለእግረኛ የተለየ በር አለው። ዳኛዋ ከጠረጴዛው ራስ ተቀምጠው አባትሽ ምን ይሠራሉ አሏት። ፀጉር ያስተካክላሉ አለች። «ጥሩ» አሉ ዳኛዋ። ከዚያ ምሳው እስኪነሳ ድረስ ሌላ ምንም አልጠየቋትም።

ምንም። ታዲያ ምን አጠፉ የምትሉ ካላችሁ እናንተም ከእሳቸው አትሻሉም። ስድብ ቢሆን መልስ ይሰጡታል። ሰውን ፊት ለፊት አስቀምጦ የት እንዳደገ፣ ምን እንደሚያስቀው፣ ምን እንደሚያስፈራው ለማወቅ ቅንጣት ያህል አለመጓጓት ግን ሰውየውን ከነሕይወቱ መሰረዝ ነው። እኚህ ሴት ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጠይቁ የኖሩ ናቸው፤ ግን የሚጠይቁት መልሱ መዝገቡ ላይ ያለውን ብቻ ነበር። ጠያቂዋ ያን ቀን በዚያ ቤት ከወንበሮቹ እንደ አንዱ ሆና ዋለች። ሲመለሱ መኪና ውስጥ ጭጭ እጇን ያዛት። እጇን አልነጠቀችውም፤ ጣቶቿ ግን ቀዝቅዘው ነበር።

ነገሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ከሰዓት እንግዳው ተሸኝቶ ማይኩ ከተዘጋ በኋላ ጭጭ ከመስታወቱ ማዶ ተነሳ። በሩን ከፍቶ ገባና የእንግዳው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ያ ወንበር ላይ ተቀምጦ አያውቅም። ማዳመጫው አንገቱ ላይ ነው፤ ገመዱን ጣቱ ላይ ይጠመጥማል፣ ይፈታል፣ መልሶ ይጠመጥማል።

«እኔ ንግግር አልችልም፣ ታውቂያለሽ» አለ። «ቀኑን ሙሉ ድምፅሽን ስሰማ እውላለሁ። ቤቴ ስገባ ጸጥታው ያስጠላኛል። እናቴ ያለችውን ትበል። አግቢኝ።»

ልቧ ከአፏ ልትወጣ ደረሰች። እሺ፣ እሺ፣ እሺ፤ ውስጧ ከዚህ ሌላ ቃል አልነበረም። እና ምን አደረገች መሰላችሁ? ጭንቅላቷን ዘንበል አደረገች። ዓይኗን ሳትሰብር አየችው። ዝም አለች።

ለመፍረድ አትቸኩሉ። ይህ ሰው ካወቀችው ጊዜ ጀምሮ ይህን ያህል ቃል አንድ ላይ ተናግሮ አያውቅም። የመጀመሪያው መልስ እንዲህ ከጣፈጣት ሁለተኛው እንዴት ሊሆን ነው? ስስት ያዛት። ዘፋኟንና ከእሷ በኋላ የመጡትን እንግዶች ሁሉ ያናገረው ልማድ አንገቷን ይዞ አዘነበለው። ቀጥል፣ ጨምርልኝ ማለቷ ነበር። የፍቅር ጥያቄ ቀርቦላት ምላሿን በሥራ ልማድ የሰጠች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ሳትሆን አትቀርም።

እሱ ደግሞ ዝምታን ሲቆርጥ የኖረ ሰው ነው። ለእሱ ዝምታ ምንም ነገር የሌለበት ባዶ ቦታ ነው። ጠበቀ። ገመዱ ጣቱ ላይ ቆመ። ፊቱ ላይ የነበረው ብርሃን እየደበዘዘ ሄደ።

«ገባኝ» አለ።

ተነሳ፣ ገመዱን ጠቀለለ፣ በሩን ከፍቶ ወጣ። ድምፅ እንዳያስገባ ተብሎ የተሠራ በር ሲዘጋ ድምፅ የለውም። እሷ «ቆይ» ያለችው ድምፅ ለሚውጠው የግድግዳ ስፖንጅ ነበር።

ሮጣ ወጣች። የዳኛዋ ጥቁር መኪና ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር፤ ሹፌሩ በሩን ከፈተለት፣ ገባ፣ ሄዱ። ያን ጊዜ በጠያቂዋ ልብ ውስጥ አንድ ታሪክ ራሱን በራሱ ሠርቶ ጨረሰ። እናቱ አስጠርተውታል። «ገባኝ» ያለው እናቱ ሲነግሩት የኖሩትን ነው። የፀጉር አስተካካይ ልጅ እንደማትሆነው ነው የገባው። መኪናዋ ለምን እንደመጣች ብትጠይቅ ኖሮ ለሌላ ጉዳይ መሆኑን በቀላሉ ታውቅ ነበር። ግን አልጠየቀችም። የማታውቀውን ሁሉ የምትጠይቅ ሴት ይህን አንዱን አውቀዋለሁ ብላ ተወችው።

እንግዶችን የምታመጣላት የአክስቷ ልጅ ናት፤ ምላሷ ሹል ነው። ነገሩን ስትሰማ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች።

«ቆይ፣ ቆይ። ሰውዬው አግቢኝ አለሽ፣ አንቺ ደግሞ ቃለ መጠይቅ አደረግሽው?»

«ይጨምራል ብዬ ነው።»

«ምን ይጨምርልሽ? ምንጩን ይጥቀስልሽ?»

«አትሳቂብኝ እባክሽ።»

«እየሳቅኩ አይደለም፣ እያለቀስኩ ነው። አሁኑኑ ደውዪለት።»

ደወለችለት። እሱም በዚያ ረጋ ባለ ድምፁ፣ ስለ ሥራ ከሆነ በጽሑፍ ላኪልኝ አላት። ከዚያ በኋላ ኩራት የሚባለው ነገር መሐላቸው ገብቶ ተንሰራፋ። የተቀዳውን ይወስዳል፣ ቆርጦ ይልካል፤ በሚልካቸው ክፍሎች ውስጥ ደግሞ አንዲት ዝምታ እንኳ የለችም። ሁሉም ተቆርጧል። አንድ ቀን ደግሞ የአክስቷ ልጅ የከፋውን ወሬ አመጣች። ጭጭ በሌላ ከተማ የአጎቱ የጥብቅና ቢሮ ሊገባ ነው። በአዳራሽ ሕዝብ ፊት የሚያዘጋጁትን ዝግጅት ቀድቶ ይሰናበታል። ጠያቂዋ ይህን ስትሰማ ሳቀች፤ ሳቁ ግን መሐል ላይ ተሰበረባት።

በዚያው ሳምንት ከዳኛዋ ጸሐፊ መልእክት ደረሰ። የአክስቷ ልጅ ለአዳራሹ ዝግጅት በእንግድነት ከጋበዘቻቸው ቆይቷል፤ አሁን እመጣለሁ ብለዋል። የሚጠየቁትንም ጥያቄ ራሳቸው ልከዋል። እንግዳ ጥያቄውን ራሱ ጽፎ ሲልክ ይሄ ቃለ መጠይቅ አይደለም፤ ሰው መስታወት ፊት ቆሞ ፀጉሩን ሲያበጥር እኛ መስታወቱን እንድንይዝለት መጠየቁ ነው። እንዲህ ያለውን ትእዛዝ እሺ ብሎ የሚቀበል ጠያቂ ማይኩን ለሌላ ሰው ይስጥ።

ጠያቂዋ ደሟ ፈላ። ሴትዮዋ የሚመጡት አንድ ልጃቸውን ከእጇ ነጥቀው ሲያበቁ በሕዝብ ፊት ሊያስጨበጭቡባት እንደሆነ አልተጠራጠረችም። ቤቷ ቁጭ ብላ የራሷን ጥያቄዎች ሳለች። እያንዳንዱ እንደ ቢላ ስለት ነበር። ሰውን በአባቱ ሥራ መዝኖ መጣል በየትኛው ሕግ ነው የተፈቀደው? ለልጅዎ የፈረዱት ፍርድ ይግባኝ አለው? እየጻፈች ደስ አላት፤ የቁጣ ደስታ ነበር።

አዳራሹ የከተማው ቤተ መጻሕፍት ነው። ፀሐይ በረጃጅሞቹ መስኮቶች ገብታ መቀመጫዎቹ ላይ ተዘርግታለች። ሰው ሞልቶ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። ዝግጅቱ በቀጥታ ስለሚተላለፍ መቁረጥ የሚባል ነገር የለም። በቀኝ ጆሮዋ ጭጭ ከአዳራሹ ጀርባ ሆኖ ለእሷ ብቻ የሚናገርባት ትንሽ ማዳመጫ አለች። ድሮ በዚያች ማዳመጫ ቀልድ ይልክላት ነበር፤ እንግዳሽ ካልሲውን አቀያይጦ አድርጓል ብሎ በሳቅ ሊገላት የደረሰበት ጊዜ አለ። ዛሬ ግን «ማይኩን ትንሽ ወደ ግራ» ብቻ አላት። ቃላቱ እንደ ባዳ ቃል ነበሩ፤ ድምፁ ግን ጆሮዋ ውስጥ ገብቶ አንጀቷ ድረስ ወረደ።

ዳኛዋ በአመድማ ሱፍ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ጠያቂዋ ለጊዜው የተላኩትን ጥያቄዎች አነበበች፤ ስለቶቿን ለኋላ አቆይታ። ዳኛዋ ያወቁትን መለሱ፤ ስለ ፍትሕ፣ ስለ ትጋት፣ ስለ ሴቶች ትምህርት። መልሶቹ የተተኮሱ ልብሶች ይመስላሉ። ፊት ያሉት በትህትና አጨበጨቡ፣ ከኋላ ያሉት ስልካቸውን አወጡ። አንዱ አዛጋ፤ ማዛጋቱ ከወንበር ወንበር ተላለፈ።

ጠያቂዋ የመጀመሪያዋን ስለት መዘዘች። አፏ ድረስ ደርሳ ግን ቆመች። ይህን ጥያቄ ስትጠይቅ ምን ልታውቅ ነው? ምንም። መልሱን ኪሷ ውስጥ ይዛለች። ለካ ለበቀል ብላ እሷም ከእነዚያው አንዷ ልትሆን ነው የመጣችው። ፊቷ በእፍረት ጋለ። ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ሴትዮዋን አየቻቸው፤ በእርግጥ አየቻቸው። ዓይናቸው በየመሐሉ ከእሷ ትከሻ በላይ አልፎ ወደ አዳራሹ ጀርባ፣ ልጃቸው ወደተቀመጠበት ይሄዳል፤ የምርመራ ውጤት እንደሚጠብቅ ሰው። እዚያ ምን ይፈልጋሉ? አላወቀችም። አለማወቋም ድንገት እንደ ረሃብ ያዛት።

ወረቀቶቹን ሁሉ አንድ ላይ አጥፋ ወንበሯ ሥር ጣለቻቸው። ከመጀመሪያው ረድፍ የአክስቷ ልጅ ግንባሯን ያዘች።

«ክብርት ዳኛ፣ ከሥራ ሲመለሱ ቤትዎ ውስጥ መጀመሪያ የሚሰሙት ድምፅ ምንድን ነው?»

ዳኛዋ ቅንድባቸውን አነሱ። ይህ ከላኩት ውስጥ የለም። ቤታቸው ጸጥ ያለ መሆኑን፣ እሳቸውም ጸጥታ እንደሚወዱ ተናገሩ። መልሱ አለቀ።

ጠያቂዋ ዝም አለች። ጭንቅላቷ ዘንበል አለ። አዳራሹ ጠበቀ። አንድ ሰው ሳለ፣ አንድ ወንበር ሲጥ አለ፤ የሚቆርጠው የለም። ያዛጋው ሰውዬ አፉን ዘጋ። ዝምታው ረዝሞ የሚያስፈራ ደረጃ ላይ ደረሰ፤ ከዚያም አለፈ።

«ድሮ ጸጥ ያለ አልነበረም» አሉ ዳኛዋ። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «ልጄ ሬዲዮ እየፈታ የሚገጥም ልጅ ነበር። ቤቱ ሲንጫጫ ነው የሚውለው። እኔ ፍርድ ከማንበቤ በፊት መኝታ ቤቴ ቆሜ እለማመድ ነበር፤ ድምፄ እንዳይንቀጠቀጥ። አንድ ቀን ከበሩ ኋላ ሆኖ ቀዳኝና አምጥቶ አሰማኝ። ደስ ይላታል ብሎ ነው። ሰው ላይ የዕድሜ ልክ እስራት ልፈርድ ነው፣ ድምፄ ግን እንደ ሕፃን ይንቀጠቀጣል። መቅጃውን ቀማሁት።»

ቆም አሉ። ወደ ልጃቸው አዩ።

«ለምን ብሎ አለቀሰ። አልነገርኩትም። አድጎ ድምፅ ልቅዳ ሲለኝም ተራ ሥራ ነው አልኩት። ውሸቴን ነው። ሥራውን አልናቅኩም፤ ጆሮውን ነው የፈራሁት። በዓለም ላይ ስንቀጠቀጥ የሰማኝ እሱ ብቻ ነው።»

በጠያቂዋ ጆሮ ውስጥ የሰው ትንፋሽ ተሰማ። ጭጭ መስመሩን መዝጋት ረስቷል። ትንፋሹ ተቆራረጠ፣ ተያዘ፣ ተለቀቀ። ዞራ ልታየው ፈለገች፤ አንገቷ ግን እምቢ አላት። ለሴትዮዋ ስታከማች የኖረችው ቁጣ ከውስጧ ሲወጣ ተሰማት፤ በቦታው የገባውን ስም አጣችለት።

ዳኛዋ መሐረብ አላወጡም። ወንበራቸውን ወደ እሷ ሳብ አደረጉ።

«አሁን ተራዬ ነው» አሉ። «ያን እሁድ ምሳ ላይ አንድ ነገር ጠይቄ ተውኩሽ። ልጄ በኋላ ነገረኝ፤ ልክ ነው፣ ነውር ነበር። ዛሬ እጠይቅሻለሁ። መልሱን ስለማላውቀው እጠይቅሻለሁ።»

አዳራሹ ተንሾካሾከ። በጆሮዋ ውስጥ «እማዬ፣ ተይ…» የሚል ድምፅ ተሰማት፤ እናቲቱ ግን አይሰሙም።

«ልጄ አግቢኝ ብሎሽ ዝም አልሽው። ቤት መጥቶ እህል አልቀመሰም። እኔ ልጄን ለፀጉር አስተካካይ ልጅ አልሰጥም ብዬ ስፎክር የኖርኩ ሴት፣ ይኸው የፀጉር አስተካካይ ልጅ ልጄን እምቢ አለችብኝ ብዬ ተናድጄ መጣሁ። እምቢ ማለት መብትሽ ነው። ዝም ማለት ግን ምንድን ነው? ምን ጎድሎት ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፤ ከሳቁ ጋር አንዲት ሴት አለቀሰች። ጠያቂዋ ወንበሯ ላይ ቀና አለች። ጠላቴ ብላ ስለት የሳለችላቸው ሴት የመጡት ልጃቸውን ሊወስዱ ሳይሆን ስለ ልጃቸው ሊሟገቱ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ከማይኩ በዚህኛው በኩል ተቀምጣ ሰው እውነቱን እስኪያወጣ ስትጠብቅ ኖራለች። ዛሬ የሚጠብቋት እሳቸው ናቸው። ጭንቅላታቸውን እንኳ ትንሽ ዘንበል አድርገዋል።

«ምንም አልጎደለውም» አለች። የመጀመሪያው መልስ ነበር። ዳኛዋ ዝም አሉ። ሁለተኛው ከራሱ መጣ።

«ጣፍጦኝ ነው። እንደዚያ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። እሺ ካልኩት ያቆማል ብዬ ፈራሁ። ትንሽ ይጨምርልኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። እሱ ባዶ ቦታ መሰለው እንጂ ዝምታው ውስጥ ያለው ሁሉ እሺ ነበር።»

እንባዋ ማይኩ ላይ ጠብ ሲል በድምፅ ማጉያው ተሰማ። ሰው ሁሉ ዞሮ ወደ ኋላ አየ። ጭጭ ከጠረጴዛው ኋላ ቆሟል፤ ማዳመጫው አንገቱ ላይ፣ ጆሮው እስከ ጫፉ ቀልቶ። ዓይናቸው ከሕዝቡ ራስ በላይ ተጋጨ። ከዚያ ለእሷ ብቻ በሚናገርባት ማዳመጫ፣ ሌላ ማንም በማይሰማበት፣ ድምፁ መጣ።

«እውነትሽን ነው? አትመልሺልኝ፣ ሰው አለ። ስንወጣ እናውራ።»

ከፀጉር አስተካካዩ መስታወት ሥር ያደገችው ልጅ ማዳመጫዋን ከጆሮዋ ነቅላ መዳፏ ላይ ያዘቻት። ተነሳች። ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ይንቀጠቀጥ አለች።

«በጆሮዬ አትንሾካሾክብኝ» አለች በማይኩ። «እናትህ ሳያፍሩ ተናገሩ፣ እኔም ሳላፍር ተናገርኩ። እኔ እሺ ብያለሁ፤ አዳራሹ ሰምቷል፣ አድማጭ ሁሉ ሰምቷል። ማይክህን ክፈት። አሁንም አግቢኝ ትላለህ ወይስ ትሄዳለህ? ስንወጣ አይደለም። እዚሁ፣ ሁሉም እየሰማ፣ መልስልኝ።»